ዟሪት ልጇን ልታመጣ የሄደች ጊዜ

ያን ዓመት በጋው ንፋስ ብቻ ነበር። ሙቀቱ እንኳ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከንፋሱ ጋር ከበር በር ሲዞር ይውላል። መስኮት ሲዘጋ ቤቱ ይታፈናል፤ ሲከፈት አቧራው ገብቶ ተሰፍቶ የታጠፈው ጨርቅ ላይ ይተኛል። በሮች ያለ ሰው ይላተማሉ። ውሻው ከተኛበት ጥላ ተነሥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ማዶ ሲደርስ ለምን እንደ ተሻገረ ጠፍቶት ይቆማል። ሰውም እንደዚያው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሆነ ቦታ የረሳው ነገር ያለ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ በጋ አርፎ የተቀመጠውን ያስነሣል፤ ዟሪትንማ ምኑ ይነገራል።

ዟሪት ብላ ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ስድብነቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ ቀለሙን ለቀቀና ስም ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እሷም «ዟሪት» ሲሏት «አቤት» ማለት ለመደች።

ሁለቱ እህቶች መጋረጃ ሰፊዎች ነበሩ። ከአባታቸው የቀረ አንድ ክፍል ሱቅ ነበራቸው፤ በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ሥር ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አቁመው የከተማውን መስኮት ሁሉ ሲያለብሱ ኖሩ። ታላቂቱ ከመኪናዋ አትነሣም። ልኬቱ የዟሪት ነው። ልኬት ማለት ሜትር አንገት ላይ አንጠልጥሎ ከቤት ቤት መሄድ ነውና፣ ይህን ሥራ ለማንም አታስነካም። ጠዋት አንድ መስኮት ልትለካ ትወጣለች፤ ጥላ ሲዞር ትመለሳለች።

«የማንን መስኮት ስትለኪ ዋልሽ?» ትላታለች ታላቂቱ ቀና ሳትል።

«የዳቦ ጋጋሪውን።»

«የዳቦ ጋጋሪው ቤት ያለው አንድ መስኮት ነው።»

«አዎ፤ ግን ሰፊ ነው።»

ዟሪት ያለቻት ልጅ አንዲት ናት። አባቷ የሞተው ልጅቷ ገና ስትድህ ነው። ያደገችው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ በብጣሽ ጨርቅ መካከል ነው። አክስቷ ታበላታለች፣ ትቆጣታለች፣ ፀጉሯን ትሠራታለች፤ እናቷ ደግሞ ይዛት ትዞራለች። ትምህርቷን እንደ ጨረሰች «ወደብ ከተማ ሄጄ ተዋናይ ካልሆንኩ» አለች። ያን ከተማ የማያውቀው የለም፤ ሠዓሊው፣ ዘፋኙ፣ ቲያትር ሠሪው ሁሉ የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። ሄደች። ስትደውል «መድረክ ላይ ነኝ» ትላለች። ሰፈሩም «የመጋረጃ ሰፊዎቹ ልጅ ተዋናይ ሆነች» አለ፤ አክስቷም ለሰው «ልክፍቱ ከእናቷ ነው» እያለች በሆዷ ትኮራ ነበር።

በዚያ የንፋስ በጋ ታላቂቱ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ክሩን በምራቋ አርጥባ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አቅንታ፣ ደጋግማ ሞከረችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሐኪሙ ዓይኗ እየደከመ እንደሚሄድ ነገራት።

«ልጅቷን አምጪልኝ» አለቻት ዟሪትን። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይከዳኝ የማውቀውን ላሳያት። ካልሆነ ይህ ሱቅ መዘጋቱ ነው።»

«እኔስ አለሁ አይደል እትዬ?»

«አንቺማ አለሽ፤ የት እንዳለሽ ነው የማይታወቀው። ሂጂና አምጫት። ስትደርሺ ደግሞ ከተማ አየሁ ብለሽ ቀልጠሽ እንዳትቀሪ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ዟሪት ሻንጣዋን ይዛ ነበር ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም።

አውቶብሱ ከዳገቱ ጫፍ ሲታጠፍ ባሕሩ ድንገት ከታች ወጣ። ዟሪት ባሕር አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ያሰበችው ጨርቅ ነው፤ መቀስ ያልነካው ጣቃ። ከዚያ ከተማውን አየችውና ባሕሩን ረሳችው።

ከተማው ለእግር የተሠራ ነበር። ቤቶቹ ከዳገቱ ወደ ወደቡ እየተገፋፉ ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መንገዶችና ደረጃዎች አሉ። አንዱ መንገድ ሌላውን ይጠራል። ድሮ የገመድ ፋብሪካ የነበረው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ከመስኮቱ ሥር ያለፈ ሰው ሳይፈልግ በዜማው ይራመዳል። የዕቃ መጋዘኖቹ የሥዕል ቤት ሆነዋል። ግድግዳው ሁሉ ተስሎበታል። ከተሰባበረ መርከብ ብረት ወፍ የሚሠራ ሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ ይበይዳል፤ ወፎቹ ደግሞ ከእሱ ከራሱ ይበልጣሉ። ዟሪት ይህን ሁሉ ያየችው ከአውቶብስ ማቆሚያው እስከ ልጇ ቤት ባለው መንገድ ነው፤ ልጇ «እማዬ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ እንጂ» እያለች እጇን ስትጎትታት።

ልጅቷ ከስታለች። ክፍሏ ከአንድ የቀለም ሱቅ በላይ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል። የመጋረጃ ሰፊ ልጅ መስኮቷን በጋዜጣ ስትሸፍን ማየት ለእናት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዟሪት ግን ነገሩን ዋጠችው።

በማግሥቱ ቲያትር ቤቱን ልታይ ሄደች። ድሮ የጨው መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን የነካ ሰው ጣቱን ቢልስ እስከ ዛሬ ጨው ጨው ይላል። ልጇን ያገኘቻት ከመድረኩ ጥግ፣ በጨለማው በኩል፣ መዳፏን በጨርቅ ጠቅልላ የመጋረጃውን ገመድ ስትስብ ነው። ተዋናዮቹ መሐል ላይ ይለማመዳሉ። ልጅቷ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ትጠብቃለች።

«መድረክ ላይ ነኝ ትይን የነበረው…» አለች ዟሪት።

«ታዲያ መድረክ ላይ አይደለሁም እንዴ? ከዚህ በላይ መድረክ የት አለ?» ልጅቷ ሳቀች፤ ቶሎም ወደ ገመዱ ዞረች። «ሚና ይሰጡኛል። ተራዬ አልደረሰም ነው እንጂ።»

ያን ቀን ማታ፣ ሻይ እየጠጡ፣ ዟሪት የተላከችበትን ነገር አነሣች። አነሣች ከተባለ ነው። «እትዬ ዓይኗ ደክሟል። ነይ ትልሻለች። አንቺ ግን እዚህ ደህና ነሽ፣ አይደል?» አለች።

«ደህና ነኝ» አለች ልጅቷ ወደ ብርጭቆዋ እያየች።

«አዎ፣ ደህና እንደሆንሽማ ታስታውቂያለሽ።»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ዟሪት መቀነቷን የፈታች ያህል ቀለል አላት፤ ለምን እንደ ቀለላት ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ እሷን ቤት ውስጥ ያገኛት የለም። ልጇ ወደ ሥራ ስትወጣ አብራ ትወጣለች፤ ልጇ ስትመለስ እሷ ገና ናት። ደረጃዎቹን በላይኛው በኩል ወጥታ በታችኛው ትወርዳለች፤ ነገ ደግሞ ገልብጣ ትሄድበታለች። ከመረብ ጠጋኞቹ ጋር ቆማ ቋጠሮ ታያለች። ሠዓሊዎቹ ከኋላቸው ቆማ ስታይ መጀመሪያ ይሰለቻሉ፤ በኋላ «እናቴ፣ ምን ይመስልሻል?» ማለት ይጀምራሉ፤ እሷ ግን መልስ ሳትሰጥ ሄዳለች።

አንድ ቀን የሥዕል ቤት ገባች። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ሥዕል አለ፤ ሰማያዊ ብቻ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው ጠባቂውን።

«ባሕር ነው እናቴ።»

«ባሕሩማ ያውና» አለች በመስኮቱ እያሳየችው።

«ያ ይናወጣል። ይሄኛው ያረፈ ነው።»

«ያረፈ ባሕር ምን ያደርጋል?» አለችና ወጣች።

ታላቂቱ ትደውላለች። «መጣችሁ?»

«እየለመንኳት ነው እትዬ። ልጅቷ ልቧ ደንድኗል።»

«አንቺ መለመን ታውቂያለሽ?»

«እንዴት አላውቅም።»

ስልኩ ሲዘጋ ዟሪት እግሯ ያሳክካታል፤ ተነሥታ ወደ ወደቡ ትወርዳለች። ውሸቱ እንዳይደርስባት የምትሸሽ ይመስል ነበር።

የቲያትር ቤቱን አለቃ ንጉሡ ይሉታል። ሽማግሌ ተዋናይ ነው፤ በሁሉም ቲያትር ንጉሥ እሱ ስለሚሆን ስሙ በዚያው ወጣ። የመድረኩ መጋረጃ አርጅቶ፣ ብል በልቶት፣ ድሪቶ ሆኖ ነበር። የልጅቷ እናት መጋረጃ ሰፊ መሆኗን ሲሰማ መንገድ ላይ አቆማት።

«እርስዎ መጋረጃ ይሰፋሉ አሉ?»

«ዕድሜ ልኬን።»

«እንግዲያውስ የእኔን መንግሥት ያልብሱልኝ፤ ራቁቱን ነው።»

ዟሪት ደስ አላት። ሥራው ደስ አሰኝቷት ብቻ አይደለም፤ ለመቆየት የሚነገር ምክንያት አገኘች። ያንኑ ዕለት ራሷ ለእህቷ ደወለች፤ «ሥራ ይዤ ነው፣ ሳልጨርስ መነሣት ነውር ነው» አለች። ከቲያትር ቤቱ ኋላ ባለው የዕቃ ክፍል፣ በተሰበሩ ዙፋኖችና በእንጨት ጎራዴዎች መካከል የስፌት መኪና አቆሙላት። ቀይ ወፍራም ጨርቅ፣ ጣቃ በጣቃ ላይ፣ ወለሉን ሞላው። ልጅቷ ከልምምድ ስታርፍ መጥታ ጨርቁን ትይዝላታለች፤ ስፌቱ ሲጠማዘዝ ሳይነገራት ታቃናዋለች። ዟሪት ይህን አየች፤ ያየችውን ግን አላሰበችበትም።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። በእነ ዟሪት ከተማ ወለል በውኃ ይታጠባል፣ አቧራው አይጣል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ እህቶች የሰፉት መጋረጃ ሁሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ነው። «መሬት የነካ መጋረጃ መጥረጊያ ነው» ይል ነበር አባታቸው። ዟሪት የመድረኩን መጋረጃ ለካች፣ ስንዝሩን እንደ ልማዷ ቀነሰች፣ ጫፉን አጥፋ ሰፋች። የተሰቀለው ቲያትሩ በሚታይበት ቀን ጠዋት፣ በችኮላ፣ መድረኩ ጨለማ ሆኖ ነው። ልጅቷ ከሥሩ ክፍት መሆኑን አይታዋለች፤ ግን እሷም ያደገችው እዚያው ሱቅ ነውና ለዓይኗ የጎደለ ነገር አልታያትም። እንዲያውም «እንዴት አምሮበታል» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ዟሪት ከፊት በኩል ተቀመጠች። ለመቀመጥ ያህል ነው እንጂ እግሯ አላረፈም። የአዳራሹ መብራት ጠፋ፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ያለው በራ። ያን ጊዜ ከቀዩ ጨርቅ ሥር፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ወርቅ የመሰለ የብርሃን መስመር ወጣ፤ በመስመሩ ውስጥ ደግሞ እግር። የሰው እግር ብቻ። ወዲህ የሚሮጥ፣ ወዲያ የሚያነክስ፣ ያወለቀውን ጫማ የሚፈልግ። መሐል ላይ የንጉሡ እግር ቆሟል። የቤተ መንግሥቱ ቦት ጫማ ይጠበዋልና ሰዓቱ እስኪደርስ አያጠልቀውም፤ የወርቅ ዘርፍ ካለው ካባ ሥር የሚታየው የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው።

ከኋላ አንዱ ጠራ፤ «ግርማዊነትዎ፣ ሻወር ሊገቡ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከመጋረጃው ኋላ ያሉት የተሳቀበትን ባያውቁም ደነገጡ፤ እግሩ ሁሉ ተራወጠ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ጉዱ ከወደታች ወጣ። ዟሪት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንድ ስንዝር። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ምን ነበረበት።

በጣቶቿ መካከል ስታይ፣ ሌላው እግር ሁሉ ሲሮጥ አንድ ጥንድ እግር አልተነቃነቀም። ከመድረኩ ጥግ ነው፤ ገመዱ ካለበት። ገመድ የያዘ ሰው ጥሎ መሄድ አይችልም። ቀኝ እግሯን በግራ እግሯ ላይ ደርባ፣ የባዶ እግሯን ጣቶች አጥፋ ቆማለች።

ዟሪት ያን አቋቋም ታውቀዋለች። ልጅቷ ትንሽ ሳለች፣ እናቷ ለልኬት ይዛት ወጥታ፣ ዙሩ ሲበዛ ሰው ቤት ትታት ትሄድ ነበር። ስትመለስ በር ላይ ቆማ ታገኛታለች፤ አታለቅስም፣ «ውሰጂኝ» አትልም፣ ሰዎቹ «ተጫወተች፣ በላች፣ ደህና ናት» ይላሉ። እግሯ ብቻ ነበር የሚናገረው። አንዱ በሌላው ላይ፣ ጣቶቹ ታጥፈው፣ ቤት ልሂድ፣ ቤት ልሂድ።

መጋረጃው ተከፈተ። ንጉሡ ነገሠ፣ ተከዳ፣ ሞተ። ዟሪት አንዱንም አላየችም።

ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞራ ይቅርታ ልትጠይቅ ገባች። ንጉሡ ዘውዱን ብብቱ ሥር ይዞ ሻይ ይጠጣል።

«አዋረድኩዎት» አለችው።

«ያረጀሁበት መድረክ ነው፤ ገና ሳልገባ እንዲህ የሳቀልኝ ሕዝብ የለም» አለ። «ግን አሳዛኝ ቲያትር ነውና ያስረዝሙልኝ፤ ሕዝቡ ማልቀስ አለበት።»

ልጅቷ ከተዋናዮቹ ጋር አትሳሳቅም። እናትና ልጅ በወደቡ ዳር ሄዱ፤ ጀልባዎቹ ታስረው ከሚንቋቁበት ደረጃ ሲደርሱ ዟሪት ተቀመጠች። ልጅቷ ገረማትና እሷም ተቀመጠች።

«ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ» አለች ዟሪት።

«ማን ነገረሽ?»

«እግርሽ።»

ልጅቷ እግሯን አየች። ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ መንገድ ቀየረ። ዟሪት እስኪያልፍላት ጠበቀች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ እማዬ? ሰፈሩ ሁሉ ተዋናይ ናት ይላል። ገመድ ስስብ ከረምኩ ልበል?» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞ አንቺ ደስ ብሎሽ ነበር። ማታ ማታ ያየሽውን ስትነግሪኝ ፊትሽ ሌላ ይሆናል። እንሂድ ብልሽ የሚከፋሽ አንቺ ነሽ ብዬ ፈራሁ።»

ዟሪትን ይህ ከጥፊ ባሰባት። ያን ማታ እንዴት እንደ ጠየቀቻት ታወሳት፤ ደህና ነሽ አይደል ብላ፣ መልሱን ራሷ አጉርሳ።

«ስሚኝ» አለች። «ለሰፈሩ የሚነገረው ወሬ የእኔ ነው። ያጠረ መጋረጃ ሰፍቼ ንጉሥ አዋርጃለሁ፤ ይህን ሲሰሙ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም። እትዬ የፈለገችው አንቺን ነው። እጅሽን አይቻለሁ፤ ስፌቱን ሳይነግሩሽ ታቃኛለሽ። ሂጂ።»

«ሂጂ ትያለሽ። አንቺስ?»

«እኔ መጋረጃውን ላስረዝም።»

«እማዬ፣ እሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

ዟሪት ከባሕሩ የምትገባ ጀልባ ታይ ነበር፤ መብራቷን ይዛ፣ እየተወዛወዘች። ልጅቷ እናቷን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አትመጪም» አለች።

«አልመጣም።»

«ለእትዬ ማን ይነግራታል?»

«አንቺ።»

«እኔ ገመድ ልሳብ ይሻለኛል።»

ነገሩን የተናገረችው ግን ዟሪት ራሷ ናት፤ አውቶብሱ ልጅቷን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ቆማ አይታ፣ ከዚያ ደወለች። ታላቂቱ ሁሉንም ሰማች።

«አምጪ ብዬ የላክኋት ቀረች፤ ቀርታ የነበረችው መጣች» አለች በመጨረሻ። «ለመሆኑ ስንት ነው ያጠረው?»

«አንድ ስንዝር።»

«እንግዲያ ስፌቱ ልክ ነው። ወለላቸው ነው ጥፋተኛው።» ከዚያም፣ «ብርድ ልብስ አለሽ?» ስትል ጠየቀች። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረችም።

ልጅቷ ሱቁን ያዘች። የአክስቷ ዓይን ጨርሶ እስኪጠፋ የሚቻለውን ተማረች፤ ከጠፋም በኋላ አክስቷ ጨርቁን በጣቷ እየዳበሰች «ይሄን ፍቺው» ትላት ነበር። ዛሬ በከተማው ያለው መስኮት ሁሉ የእሷ እጅ ነው። ልኬት ትሄድና ቶሎ ትመለሳለች።

ዟሪት መጋረጃውን በጥቁር ጨርቅ አስረዘመችው። ከዚያ የተዋናዮቹን ልብስ ሰፋች፤ ከዚያ ለአሻንጉሊት ቲያትር ሠሪዎቹ፤ ክፍል በቀየረች ቁጥር አዲስ ደረጃ ታገኛለች። ለእህቷ ቀብር መጥታ ነበር። ሰው ሳይበተን እንግዶቹን ስታስተናግድ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ከበር እስከ መንገድ ስትመላለስ ዋለች፤ ልጇ «እማዬ፣ ሂጂ» እስክትላት ድረስ። አነጋገሯ ቁጣ አልነበረበትም። ተቃቅፈው በር ላይ ቆዩና ሄደች።

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋ የተሰማው ከአንድ ሹፌር ነው። ከአሻንጉሊት ቲያትር ሠሪዎቹ ጋር በጀልባ ከወደብ ወደብ ትዞራለች፤ እሱ ያያት ከወደብ ከተማው በስተደቡብ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በጀልባ ጠጋኞች ጓሮ ውስጥ በተከራየችው ክፍል ነው። ሻንጣዋ በር ላይ ነበር፤ «ነገ ማዶ ነን» አለችው።